እስከ ቦሎ

ይኸውላችሁ፣ ነገሩ የጀመረው መኪና በማሳጠብ ነው። ሰፈራችን ካለው ድልድይ አጠገብ ሁለት ባልዲና የተቦጫጨቀ ስፖንጅ ይዘው የሚውሉ ልጆች አሉ። አንዱ፣ ዕድሜው አስራ ሰባት ቢሆን ነው፣ የአሮጌዋን ቪትዜን ፊት እያጠበ ሳለ ድንገት ቆም አለና የፊት መብራቷን በጣቱ አንኳኳት።

«ፋዘር፣ ይቺ መኪና ሞራ አውጥታለች እኮ።»

ሳቅሁ። የሳቅሁት በአነጋገሩ እንጂ ነገሩስ እውነት ነበር። ድሮ ጥርት ያለ የነበረው የመብራቱ ሽፋን ቢጫ ሆኗል። ላይኛው ጠርዙ ደግሞ ደርቆ የሚቀረፈፍ ቆዳ የመሰለ ነጭ ነገር ለብሷል። ውስጥ ያለው አምፖል ሲበራ፣ ጭስ በሞላው ማጀት ውስጥ እንደ ተቀመጠ ኩራዝ ነው የሚታየው። ባለቤቴ «ማታ ማታ አብሬህ ስሄድ መንገዱ አይታየኝም» ካለችኝ ዓመት አልፏል። እኔም የሰማኋት መስዬ ሁለት ጊዜ አምፖል ቀይሬያለሁ። አምፖሉ ምን ያድርግ? መስኮት ላይ ጆንያ ሰቅሎ ፀሐይዋን መውቀስ ማለት ይኸው ነው።

ጊዜው ሐምሌ ነበር። ባለ መኪና የሆናችሁ ሐምሌ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ፣ ሰልፍ፣ ቦሎ። እኔም የመኪና ማሳጠቢያው ዋነኛ ምክንያት እሱ ነበር። ልጁ ይህን ያወቀ ይመስል ከኪሱ የጥርስ ሳሙና አወጣ።

«መቶ ብር ይጨምሩና ላጥራልዎት?»

«በጥርስ ሳሙና?»

«አዎ ፋዘር። ጉድ ነው የሚሆነው። ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ብዙ አይቆይም። እስከ ቦሎ ያደርስዎታል።»

ልብ በሉልኝ፤ ልጁ አላታለለኝም። ሥራውንም የሥራውንም ዕድሜ በአንድ አረፍተ ነገር ነገረኝ። እርጥብ ጨርቅ ላይ የጥርስ ሳሙናውን ጨምቆ፣ ክብ ክብ እያደረገ ሩብ ሰዓት ያህል ፈተገው፤ ከዚያ በውሃ አለቀለቀው። መብራቱ ብልጭ አለ! ቢጫው ሙልጭ ብሎ ባይጠፋም መኪናዋ አስር ዓመት የቀነሰች መሰለች። መቶ ብሩን በደስታ ሰጠሁት።

በሳምንቱ ምርመራው ቦታ ሄድኩ። ፍሬን ታየ፣ ጢስ ታየ፣ መብራት በራ፣ ጠፋ፣ ፍሬቻ ግራ ቀኝ ጠቀሰ። አለፍኩ። ቦሎዬን መስታወቴ ላይ ለጥፌ ስመለስ፣ አንድ ሰው ላይ ብልጫ ያገኘሁ ያህል እያፏጨሁ ነበር።

ማፏጨቴ ሦስት ሳምንት አልቆየም።

የፍልሰታ ፆም ነበር። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ዝናቡ ካፊያ ላይ ደርሷል። ሰፈሩ መብራት ጠፍቶበታል። ከአንድ ቤተ ክርስቲያን በታች ባለው ቁልቁለት ቀስ ብዬ እየወረድኩ ነው። ቀስ ብዬ ያልኩት ለራሴ ጥብቅና ለመቆም አይደለም፤ ፍጥነት ብጨምር ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር። ከፊቴ የሚታየኝ ነገር ጭጋግ የመሰለ ብርሃን ብቻ ነው። መብራቱ ወደ ፊት ከመሄድ ይልቅ እዚያው አፍንጫው ሥር ተበትኖ ይቀራል። በዚያ ጭጋግ ውስጥ አንድ ጥቁር ነገር ተንቀሳቀሰ። ፍሬኑን በሁለት እግሬ ረገጥኩት። መኪናዋ እርጥቡ አስፋልት ላይ ተንሸራተተች፤ ተንሸራተተችና ቆመች።

በኮፋኖው በኩል፣ ከክንድ በማይበልጥ ርቀት ላይ፣ አንዲት እናት ቆመዋል። ጥቁር ልብስ፣ ጥቁር ነጠላ። ሐዘን ላይ ናቸው። ይዘውት የነበረው የፀበል ጀሪካን ወድቆ እየተንከባለለ ቁልቁል ይወርዳል።

ከመኪናው እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። «እማማ! ነካኋችሁ? እማማ፣ ተጎዱ?» እላለሁ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። እሳቸው ደግሞ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጥቂት ተነፈሱና እኔን ማጽናናት ጀመሩ።

«አይዞህ ልጄ፣ አልነካኸኝም። ጥፋቱ የኔ ነው። በጥቁር ልብስ፣ በጨለማ፣ መንገድ መሻገር ምን የሚሉት ነው? አይዞህ። እግዜር ሁለታችንንም አተረፈን።»

ጀሪካናቸውን ፈልጌ አመጣሁ፤ ግማሹ ፈሷል። ቤታቸው ድረስ ላድርስዎት ብዬ ወሰድኳቸው። መንገዱን ሙሉ ራሳቸውን እንደ ወቀሱ ነው። እኔስ? «አይ እማማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ መብራቴ አያሳይም፤ አለማሳየቱንም አውቅ ነበር፤ በጥርስ ሳሙና አሳጥሬ ነው ምርመራ ያለፍኩት» ልበል? አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ዝም አልኩ። በራቸው ላይ መርቀውኝ ገቡ። ምርቃት እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምርመራው ቦታ መርማሪውን ያታለልኩ መስሎኝ ነበር። ለካ መርማሪው ማታ ማታ በዚያ ቁልቁለት አይሻገርም። የምትሻገረው ሌላ ሰው ናት።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ነው ስለዚህ «ሞራ» ማንበብና መጠየቅ የጀመርኩት። ያወቅሁትን ላካፍላችሁ፤ በየመንገዱ ስንት ሞራ ያወጣ መኪና እንደሚሄድ ማታ ወጣ ብላችሁ ብታዩ ትደነግጣላችሁና።

የድሮዎቹ መኪኖች፣ የዲኤክስና የፎልስዋገን ዘመኖቹ፣ የፊት መብራታቸው ሽፋን ብርጭቆ ነበር። ብርጭቆ ድንጋይ ሲያገኘው ይሰበራል እንጂ ፀሐይ አያጠወልገውም። አሁን ግን የመኪናችን መብራት ሽፋን ፖሊካርቦኔት ከሚባል ሰው ሠራሽ ሬዚን የሚሠራ ነው። ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ1953 በጀርመን ኸርማን ሽኔል፣ በአሜሪካ ደግሞ ዳንኤል ፎክስ፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ ነው ያገኙት። ቀላል ነው፣ እንደ ልብ ቅርጽ ይወጣለታል፣ በመዶሻ ቢመታ እንኳ በቀላሉ አይሰበርም። የሲዲው ዲስክም፣ ቢሮ ውስጥ ተገልብጦ የሚቀመጠው ትልቁ የውሃ ጀሪካን ብዙውም ከዚሁ ዘር ነው። አሜሪካኖች ለመኪና መብራት እንዲውል የፈቀዱት እ.ኤ.አ. በ1983 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ብርጭቆው ቀስ በቀስ ከዓለም መንገድ ወጣ።

ነገር ግን ይህ ጠንካራ ነገር ሁለት ደካማ ጎን አለው። አንደኛ፣ ባይሰበርም በቀላሉ ይጫጫራል። ሁለተኛ፣ ከፀሐይ የሚመጣው አልትራ ቫዮሌት ጨረር ያቃጥለዋል፤ ቢጫ ያደርገዋል። ፋብሪካዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ባዶውን አይለቁትም። ከፀጉር ዘለላ በብዙ እጥፍ የሚቀጥን፣ ዓይን የማያየው ጠንካራ ሽፋን ይቀቡታል። ያ ሽፋን ነው ፀሐዩንም ጭረቱንም የሚቀበልለት። ዓመታት ሲያልፉ ግን ራሱ ሽፋኑ ያልቃል፤ ይሰነጣጠቃል፣ ይላጣል። ሞራ የምንለው አንድም የሞተው ሽፋን፣ አንድም ከሥሩ የተቃጠለው ፕላስቲክ ነው።

በኛ አገር ደግሞ ፀሐዩ ጎረቤት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየአንድ ሺህ ሜትሩ ከፍታ የአልትራ ቫዮሌት ጨረር መጠን አስር በመቶ ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐዩ የዋህ ይመስለናል እንጂ፣ ውጭ የምታድር የምትውል መኪና ላይ የሚሠራውን ይሠራል።

ምን ያህል ብርሃን ይጎድላል? የአሜሪካ የባለ መኪኖች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ሞራ ያወጡ መብራቶች አዲስ ሳሉ ይሰጡ ከነበረው ብርሃን 20 በመቶ ያህሉን ብቻ እየሰጡ ተገኙ። እንግዲህ እኔ በዚያ ቁልቁለት የወረድኩት በአንድ አምስተኛ ዓይን ነበር ማለት ነው። ተፍቀው እንደገና የተቀቡት ግን ወደ 70 በመቶ ያህል ተመልሰዋል።

የጥርስ ሳሙናውስ? ይህን ስሰማ ነው ያፈርኩት። የጥርስ ሳሙና በጣም የደቀቀ መፋቂያ ነው። የሞተውን ሽፋን ጠራርጎ ያነሳና ያበራዋል። ሥር ያለው ፕላስቲክ ግን ራቁቱን ይቀራል። አርጅቶም ቢሆን ትንሽ ይከልለው የነበረው ነገር ተወስዶበት ከፀሐይ ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል። ስለዚህ ከበፊቱ ቶሎ፣ ከበፊቱ ብሶ ቢጫ ይሆናል። የኔም እንዲያው ሆነ። መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣ ያ ሁሉ ብልጭታ በሳምንታት ውስጥ ድራሹ ጠፋ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሏል ይሄ ነው።

አዲስ መግዛትስ? ጠየቅኩ፤ ለምን አልጠይቅም። ዋጋውን ሰምቼ ዝም ብዬ ከሱቁ ወጣሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ያለችንን አሮጌ መኪና እንደ ቅርስ ይዘናታል። የመለዋወጫውም ዋጋ አብሮ ቅርስ ሆኗል። ርካሽ የሚባለው መብራት አለ፤ ግን እዚያ ላይ የተቀባው ሽፋን ስንት ክረምት እንደሚችል የሚነግራችሁ የለም።

በመጨረሻ አንድ ወዳጄ ሰፈራችን ካለ ጋራዥ ጥግ ወደሚሠሩ አዛውንት ቀለም ቀቢ ላከኝ። ከባትላሜራዎቹ ኳኳታ ራቅ ብለው፣ በላስቲክ በተጋረደች ጥግ ውስጥ ነው የሚሠሩት። መብራቱን አዩት፤ በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት።

«ማን ነው የጥርስ ሳሙና የቀባው?»

ሐኪም ፊት የቆመ ልጅ ሆንኩ። «እንዴት አወቁ ጋሼ?»

«ጠርዙ ውስጥ ነጭ ነጩ ቀርቷል። የኔ ጌታ፣ ይሄ ነገር ይድናል። አዲስ ግን አይሆንም። ከውጭ ያለውን ነው እኔ የማነሳው፤ ውስጥ የገባ ስንጥቅ ካለ እሱን አልደርስበትም። ተስማማህ?»

ተስማማሁ። አንድ ልመናም ጨመርኩ፤ እኔው ራሴ እየሠራሁ እሳቸው እንዲያሳዩኝ። ለምን እንደፈለግኩ አላስረዳኋቸውም። ምናልባት የንስሐ ቀኖና መስሎኝ ይሆናል። ትንሽ አዩኝና «ልብስህን ቀይረህ ና» አሉ።

መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ታጠበ። ቀጥሎ በመብራቱ ዙሪያ ያለው የመኪናዋ ቀለም ሁሉ በወረቀት ፕላስተር ተሸፈነ። «ስትፈገፍግ እጅህ ይስታል» አሉኝ፤ አልሳቱም፣ ሁለቴ ስቷል። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት መጣ። ቁጥሩ ከጀርባው ተጽፏል። 400፣ 800፣ 1000፣ 1500። እኔ ቁጥሩ ሲጨምር የሚሻክር ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ተቃራኒው ነው። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ይለሰልሳል።

በ400 ጀመርን። ወረቀቱም መብራቱም ሁልጊዜ እርጥብ መሆን አለባቸው። አንድ የተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሰጡኝ፤ በግራ እጄ ውሃ አንጠባጥባለሁ፣ በቀኜ እፈገፍጋለሁ። የሚወርደው ውሃ ቢጫ ያዘለ ወተት ይመስላል። «ያ ቢጫው ሽፋኑ ነው፤ ውሃው እስኪነጣ አትቁም» አሉኝ። ፈገፈግኩ። ግማሽ ሰዓት ሲሆን ትከሻዬ ዛለ። መብራቱን ጠራርጌ ሳየው ልቤ ወደቀ። ቢጫው ጠፍቷል፤ ግን መብራቱ ሙሉ በሙሉ ነጭ፣ የደፈረሰ፣ ምንም የማያሳይ ሆኗል። ከመጀመሪያው ብሷል!

«ጋሼ፣ አበላሸሁት መሰለኝ።»

ሳቁ። ጣታቸውን ውሃ ውስጥ ነከር አድርገው መብራቱ ላይ አሳለፉት። ውሃው በነካበት መስመር ላይ መብራቱ ጥርት ብሎ ውስጡ ታየ። ውሃው ሲደርቅ ተመልሶ ደፈረሰ። «አየህ? ጭረቱን ውሃው ሲሞላው ይጠራል። አልተበላሸም፤ ገና ነው።»

ወደ 800 አለፍን። እዚህ ላይ የተማርኩት ነገር አለ። በመጀመሪያው ወረቀት አግድም ከፈገፈግህ በሁለተኛው ቁልቁል ትፈገፍጋለህ። ለምን? የአዲሱ ወረቀት ሥራ የበፊቱን ጭረት ማጥፋት ነው፤ አግድም የሄደ መስመር አንድ እንኳ ከታየህ ገና አልጨረስክም ማለት ነው። ደክሞኝ ስለነበር ከ800 በቀጥታ ወደ 1500 ልዝለል ብዬ ጠየቅኩ።

«ዝለል» አሉኝ፤ «እጅህ ያልፈዋል፣ ዓይንህ ግን ማታ ያገኘዋል። የተዘለለ ጭረት ከቀለሙ ሥር ሆኖ ይጠብቅሃል።»

አልዘለልኩም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ልጅ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ በትከሻዬ ያወቅሁት ግን ያን ቀን ነው።

1500 ላይ ስንደርስ መብራቱ ስስ ጉም የለበሰ መሰለ። ለስላሳ ነው፤ ግን አያበራም። እኔም ያቺን የጥርስ ሳሙና ብልጭታ አስታወስኩና «አሁን በፖሊሽ እናብራው እንዴ?» አልኩ። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አሁን ካበራኸው ምኑን ይይዛል? ክሊሩ የሚቀመጠው በነዚህ በደቃቃዎቹ ጭረቶች ላይ ነው። መስታወት አድርገህ ብትቀባው በክረምቱ ተልጦ ይወርዳል። ትንሽ ሻካራ ካልሆነ መያዣ የለውም።»

ይህን ነገር ደጋግሜ አስቤዋለሁ። እኔ ጭረት ሁሉ ጠላት ይመስለኝ ነበር።

ክሊር የሚሉት ቀለም አልባውን የመኪና ቫርኒሽ ነው። መብራቱ በአልኮል ተጠረገ። ቤንዚንና ቲነር እንዳላስነካው አስጠነቀቁኝ፤ ይህን ፕላስቲክ ይሰነጥቁታል። የእንጨት ቫርኒሽም አይሆንም፤ ለፀሐይ ያልተሠራ ስለሆነ ራሱ ቢጫ ይሆናል። ክሊሩን ከማጠንከሪያው ጋር ጣሳው ላይ በተጻፈው ልክ ቀላቀሉት። ከዚያ እኔን ከጥጓ አስወጡኝና ባለ ማጣሪያ ጭንብላቸውን አጠለቁ። ጢሱ ሳንባ የሚጎዳ ነው፤ በጨርቅ የሚመለስ አይደለም። በላስቲኩ ቀዳዳ አየኋቸው። አንድ ስስ ዙር፣ ጉም ያህል ብቻ፣ ነፉበት። ቆሙ። ጠበቁ። ዝንብ እንዳያርፍበት በካርቶን አራገቡ። ሌላ ዙር ነፉ። ሁለተኛው ዙር ሲያርፍበት፣ ያ ጉም የለበሰ ነገር ዓይኔ እያየ ተገለጠ። በጣታቸው ውሃ ያሳዩኝ ነገር ነው፤ አሁን ግን አይደርቅም።

«እስከ ነገ እንዳትነካው። እስከ ሳምንት እንዳታሳጥበው» አሉ። የጠየቁኝን ከፈልኩ። ከመቶ ብሩ ጋር የሚወዳደር አልነበረም፤ ከአዲሱ መብራት ጋርም የሚወዳደር አልነበረም።

እናላችሁ፣ ከዚያ ወዲህ ይህች «እስከ ቦሎ» የምትባል ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ዙሪያዬን ሳይ ስንቱን ነገር እስከ ቦሎ እያደረስነው እንደምንኖር አየሁ። እንግዳ ሲመጣ በአንድ ሌሊት የሚቀባ አጥር። ለፈተና ዋዜማ የሚሸመደድና በማግሥቱ የሚረሳ ትምህርት። ለምርቃቱ ቀን ሪባኑ እስኪቆረጥ ብቻ የሚያበራ ሕንፃ። ሪፖርቱ ላይ ብልጭ የሚል፣ ቀበሌው ውስጥ ግን የማይታይ ሥራ። መርማሪው እስኪያልፍ ድረስ ነው ነገሩ ሁሉ። ከመርማሪው በኋላ በጨለማ የሚሻገረውን ሰው የሚያስብ ጥቂት ነው። ሌላውን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምለው፤ ሪፖርት ጽፌ አውቃለሁና።

ከዚህም የሚቀርብ ነገር አለኝ። እኔና ወንድሜ ከእናታችን ሞት በኋላ በቤት ውርስ ተቀያይመን ነበር። በእናታችን ተዝካር ላይ ዘመድ ሽማግሌዎች በአንድ ከሰዓት አስታረቁን። ተነሥተን ተቃቀፍን፤ እልል ተባለ፤ ተበላ፣ ተጠጣ። ሽማግሌዎቹ ደግ ሰዎች ናቸው፤ ያሰቡት መልካም ነው። ነገር ግን «የቤቱ ነገር እንዴት ሆነ? ማን ምን ተናገረ? ምኑ ነው ያቆሰላችሁ?» ብሎ የጠየቀን ማንም አልነበረም። እኛም አላነሣነውም። ፊታችን በራ። በሁለተኛው ወር ግን ስልክ መደዋወል አቆምን። ከዕርቁ በፊት ቢያንስ በበዓል እንደዋወል ነበር፤ ከዕርቁ በኋላ እሱም ቀረ። ያ አሮጌ መተፋፈር፣ ትንሽም ቢሆን ይከልለን የነበረው፣ ተፍቆ ተነሣ፤ በቦታው ግን የቀባነው ነገር አልነበረም።

በቅርቡ ደወልኩለት። በመጀመሪያው ቀን ስለ ቤቱ አወራን። ደስ የሚል ወሬ አልነበረም። ሁለታችንም የምንሸሸውን ነገር ነው ያወራነው፤ ስልኩን ስዘጋ ከበፊቱ የባሰ መሰለኝ። የአዛውንቱ «ገና ነው» ትዝ አለኝና በሳምንቱ እንደገና ደወልኩ። አሁንም እየተደዋወልን ነው። የት እንደሚደርስ አላውቅም፤ የሚወርደው ውሃ ግን መንጣት ጀምሯል።

እኚያን እናትስ? ሄጄ ነበር። ለመስቀል ሰሞን በራቸውን አንኳኩቼ ነገርኳቸው፤ የጥርስ ሳሙናውን፣ ምርመራውን፣ ሁሉንም። ዝም ብለው ሰሙኝ። «ታዲያ አሁን ያሳይሃል?» አሉ በመጨረሻ። «ያሳየኛል እማማ፤ እንደ አዲስ ባይሆንም ያሳየኛል» አልኳቸው። «ተመስገን። በል ቡና እየፈላ ነው፣ ቁጭ በል» አሉኝ። ሌላ ነገር አላሉም። ቡናውን ጠጣሁ። ያ የከበደኝ ምርቃት ትንሽ የቀለለው ያን ጊዜ ነው።

ሐምሌ ዞሮ መጣና ወደ ድልድዩ ልጆች ሄድኩ። ያው ልጅ ነው። ትንሽ ረዝሟል። ባልዲውን አስቀምጦ መብራቱን ጎንበስ ብሎ አየው፤ በአንድ ዓይኑ በጎን አየው፤ በጣቱም አንኳኳው።

«ፋዘር፣ ይሄ የጥርስ ሳሙና ሥራ አይደለም።»

አይደለም ብዬ ከ400 እስከ 1500 ያለውን ሁሉ ነገርኩት። ብርጭቆ ወረቀቱን፣ ውሃውን፣ አለመዝለሉን፣ ክሊሩን፣ ጭረቱ ለምን እንደሚያስፈልግ። የአዛውንቱን ጋራዥም ጠቆምኩት፤ ሙያው ካማረው ይሂድ ብዬ። እጁ ላይ ያለው ስፖንጅ እየተንጠባጠበ በጥሞና ሰማኝ።

«ስንት ጊዜ ያገለግላል?»

«አንድ ሁለት ዓመት፤ ጥላ ሥር ካቆምኳት ከዚያም በላይ ነው ያሉኝ። ከዚያ እንደገና መሠራት አለበት።»

ልጁ ትንሽ አሰበና ፈገግ አለ።

«ከቦሎ ያልፋል በሉኛ!»